ክርክር፦ የጃይሳልመር ኦራን ለሶላር ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

ኪያ፦ እሺ የዛሬው ርዕስ ይሄ ነው። ጃይሳልመር የሕንድ ራጃስታን ክልል ምዕራብ ጫፍ ላይ ያለ፣ ከፓኪስታን ጋር የሚዋሰን ዲስትሪክት ነው፣ ታር በረሃ ውስጥ። ስፋቱ ከ38 ሺህ ስኩዌር ኪሎሜትር በላይ ሲሆን በ2011 ቆጠራ (ዓመቶቹን ሁሉ በእኤአ ነው የምንጠራው) የነበረው ሕዝብ ግን 670 ሺህ ገደማ ነው፣ በስኩዌር ኪሎሜትር 17 ሰው ማለት ነው። እዛ ኦራን የሚባል መሬት አለ፣ በአንድ አምላክ ወይ በአካባቢ ጀግና ስም የተከለለ፣ መንደሩ በጋራ ከብቱን የሚያሰማራበት ግን መጥረቢያ የማይነሳበት። አሁን የሶላርና የንፋስ ካምፓኒዎች እየገቡበት ነው፣ ሰዉም በእግር ሰልፍ እየወጣ እየተቃወመ ነው። እኔ አይሰጥ ባይ ነኝ፣ ቀጥሉ።

ቢኒ፦ ቁጥሩን ራስሽ ሰጠሽኝ እኮ፣ 17 ሰው! ዝናቡ በዓመት ከ200 ሚሊሜትር በታች ነው፣ ፀሐዩ ግን ዓመቱን ሙሉ አለ። ሕንድ አብዛኛውን መብራቷን ዛሬም ከድንጋይ ከሰል ነው የምታመነጨው፣ እስከ 2030 ከከሰልና ከነዳጅ ውጪ 500 ጊጋዋት እደርሳለሁ ብላ ለዓለም ተናግራለች። 1 ሜጋዋት ሶላር 2 ሄክታር ያህል ይበላል፣ ታዲያ ከየት ታምጣው፣ የፑንጃብን ስንዴ ማሳ ትንቀል? ዴልሂ ውስጥ በከሰል ጭስ የሚታፈነው ሕፃንም እኮ ሰው ነው።

ጋሽ አድማስ፦ ልጆች፣ ታሪኩን ሳታዩ አትሩጡ። ይሄ አገር ባዶ ሆኖ አያውቅም። በ1156 ራዋል ጃይሳል የሚባል፣ ባቲ ከሚባለው የራጅፑት ጦረኞች ጎሳ የሆነ ገዢ፣ ከድሮ መቀመጫው ከሎዱርቫ ተነስቶ ኮረብታው ላይ በቢጫ ድንጋይ ምሽጉን ቆረቆረ፣ ዛሬም ውስጡ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይኖራል። ሀብቱ ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ወዳለው ወደ ሲንድ ከሚያልፈው የግመል ቅፍለት ነበር። ኋላ የቦምቤይ ወደብ ንግዱን ወሰደበት፣ በ1947 አገር ሲከፈል ደግሞ ድንበሩ ተዘጋና ትልቁ የንግድ ከተማ የአገር ጥግ ሆኖ ቀረ። ከዛ ወዲህ ዴልሂ የምታየው ሰው እንደሌለበት ቦታ ነው፣ ኒውክሌሯን በ1974 እና በ1998 የሞከረችው ፖክራን ላይ እዚሁ ዲስትሪክት ውስጥ ነው። ሆኖም ጭራሽ አይሰጥ አልልም። የኢንዲራ ጋንዲ ቦይ ከፑንጃብ ውሃ ይዞ በ1980ዎቹ ጃይሳልመር ባይደርስ ኖሮ ያ ሕዝብ ዛሬ ምን ይጠጣ ነበር? ልማት ሁሉ ጠላት አይደለም።

ኪያ፦ ጋሼ ልክ ነዎት፣ ቦዩ ለመጠጥ ውሃ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሌላውንም እንየው። ቦዩ የገባበት ሴዋን የሚባለው የበረሃ ሳር ታርሶ ጠፋ፣ ቦዩ ከሚመጣበት ከላይ በኩል ደግሞ ብዙ መሬት ውሃ ቋጥሮ ጨው አወጣ። ሴዋን ማለት ሥሩ አሸዋውን ይዞ ድርቅ የሚችል፣ ታርፓርካር የምትባለው የበረሃ ላም የምትኖርበት ሳር ነው፣ አንዴ ካረሱት መመለሱ ከባድ ነው።

ቢኒ አንተ ደግሞ ሰው ቆጥረህ ውሃውን አልቆጠርክም። እዛ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። ገበሬው የሚኖረው ካዲን በሚባል ዘዴ ነው፣ ተዳፋቱ ሥር ዝቅ ያለ የአፈር ግድብ ይሠራል፣ በክረምት ከላይ ካለው ድንጋያማ መሬት የሚወርደው ጎርፍ እዛ ይጠራቀማል፣ ውሃው ሲሰርግ እርጥበቱ ላይ ስንዴና ሽምብራ ይዘራል፣ ያለ መስኖ ማለት ነው። ዘዴውን ፓሊዋል ብራህሚን የሚባሉ የአካባቢው ማህበረሰብ ከዘመናት በፊት ነው ያስፋፉት። እና ያ ከላይ ያለው "ባዶ" የምትለው መሬት ብዙ ጊዜ ኦራኑ ነው! ፓነል ለመትከል በዶዘር ደልድለህ ዙሪያውን ስታጥረው የጎርፉ መንገድ ይቆረጣል፣ ኩሬውም ካዲኑም ይደርቃል፣ ፓነሉ ያረፈበት 2 ሄክታር ብቻ አይደለም የሚጎዳው። ኬጅሪ የሚባለውም ዛፍ ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም፣ ቅጠሉን ግመልና ፍየል ይበላዋል፣ ቆባውን ሳንግሪ ይሉታል፣ ለቅመው ያደርቁትና ኬር ከሚባል የቁጥቋጦ ፍሬ ጋር ቀቅለው በዘይትና በቅመም ወጥ ያደርጉታል፣ ዝናብ በቀረበት ዓመት የሚበላው እሱ ነው።

ማሚ፦ ወፏንም አትርሱ እንጂ። ጎዳዋን ይሏታል፣ ሜዳ ላይ የምትኖር ግዙፍ ወፍ፣ የራጃስታን የክልል ወፍ ናት፣ በዓለም ላይ የቀረችው 150 ገደማ ብትሆን ነው፣ አብዛኞቹም እዛው ጃይሳልመር አካባቢ። ወንዱ እስከ 15 ኪሎ ይደርሳል። ዓይኗ በጎንና በጎን ስለሆነ ፊት ለፊት በደንብ አታይም፣ ከሶላሩና ከንፋሱ መብራት የሚወስደውን ሽቦ ስታየው ደግሞ ከክብደቷ የተነሳ መታጠፍ አትችልም፣ ትገባበታለች። በዓመት የምትጥለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ እንቁላል ነው፣ እና አንዲት እናት በሽቦ ስትሞት እንዴት ይተካል?

ቢኒ፦ እሱ እኮ ፍርድ ቤት ታየ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ሽቦውን መሬት ውስጥ ቅበሩት አለ፣ በ2024 ግን ለዛ ሁሉ ሰፊ ቦታ በቴክኒክም በወጪም አይቻልም ተብሎ ትእዛዙ ላላ፣ ጉዳዩ ለኤክስፐርት ኮሚቴ ተሰጠ። ወፏን ማራቢያ ጣቢያ እዛው ጃይሳልመር ሳም የሚባል ቦታ ላይ አለ፣ ጫጩትም እያስፈለፈሉ ነው።

ማሚ፦ ጫጩቷ አድጋ የት ነው የምትለቀቀው ቢኒዬ? ያው ሽቦው ሥር ነው እኮ።

ጋሽ አድማስ፦ እኔ የገረመኝ አስተዳደሩ ነው። ካምፓኒው መሬቱን በጉልበት አልወሰደም፣ ውል ይዞ ነው የሚመጣው። እንዴት ሆነ ይሄ?

ኪያ፦ ጋሼ ዋናው ነገር እሱ ነው! መንደር ውስጥ ፓትዋሪ የሚባል የመሬት መዝጋቢ አለ፣ በላዩ ታሲልዳር፣ ከላይ ደግሞ ዲስትሪክቱን የሚያስተዳድረው ኮሌክተር። ብዙ ኦራን በነሱ መዝገብ ላይ ኦራን ተብሎ አልገባም፣ ጥቅም የማይሰጥ የመንግሥት መሬት ተብሎ ነው የተመዘገበው። ዴግራይ በምትባል አምላክ ስም የተከለለውን ኦራን እዩት፣ ሰዉ የአምላኳ ነው የሚለውና መዝገቡ ኦራን የሚለው በስፋት አይገናኙም፣ የተመዘገበው ከፊሉ ብቻ ነው። እና መንግሥት ሲያከራየው በወረቀት ሕጋዊ ነው፣ መንደርተኛው የሚሰማው ዶዘሩ ሲደርስ ነው። ያ ሁሉ ስፋት ያለው ዲስትሪክት ደግሞ ቢሮ ሄዶ አቤት ለማለት የቀን መንገድ ነው። በ2024 ማብቂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራጃስታንን ኦራኖችን በሳተላይትም በመሬትም ለዩ፣ እንደ ደን ጠብቁ ብሏል።

ቢኒ፦ ጥሩ፣ ደን ከተባለ ግን የደን ጥበቃው መጥቶ ከብትህን አውጣ ቢልስ? እዛ ያሉ እረኞች ራሳቸው ይሄንን እየፈሩ ነው። ካምፓኒው ቢያንስ ኪራይ ይከፍላል።

ኪያ፦ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው፣ ለዚህ ነው ምዝገባው ላይ የግጦሽና የወደቀ እንጨት የመልቀም መብታቸው አብሮ በጽሑፍ መግባት ያለበት፣ በማህበረሰብ ጥብቅ ቦታ መልክ ማለት ነው። ኪራዩ ግን የሚገባው ለመንግሥት ካዝና ነው እንጂ ግመሏ ግጦሽ ላጣችበት ሰውዬ አይደለም። ሶላሩ ይሠራ፣ እኔ አልጠላሁትም፣ ራጃስታን በሶላር ከሕንድ ክልሎች ቀዳሚ ናት፣ ኦራን ያልሆነ ጎርፍ የማይወርድበት መሬትም አለ። ግን መጀመሪያ ልየታው ይለቅ፣ እስከዛ ማንም አዲስ ውል አይፈርም።

ቢኒ፦ ልየታው አሥር ዓመት ቢፈጅስ?

ኪያ፦ አሥር ዓመት የሚፈጀው ማንም ካላጣደፈው ነው። ፓትዋሪው ከመንደሩ ሽማግሌዎች ጋር ወጥቶ ወሰኑን በእግሩ ቢዞር፣ ኩሬውን፣ መቅደሱን፣ የጎርፍ መውረጃውን ቢያሰፍር፣ ለካምፓኒ ያን ያህል ቶሎ መሬት መለካት የቻለ ቢሮ ለመንደሩም ይችላል።