ሲቪል ተማሪ ቴርሞዳይናሚክስ ምን ያደርግለታል?

ጠያቂዋ፣ ኮምቦልቻ
ሰላም ናችሁ? ሲቪል ምህንድስና ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከመካኒካሎቹ ጋር ቴርሞዳይናሚክስ (የሙቀትና የኢነርጂ ትምህርት) ልውሰድ ብዬ ነበር፣ ጓደኞቼ ግን «ሞተር ልትፈቺ ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁብኛል። ሃይድሮሊክስም ስትራክቸርም አለብኝ። ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?

የሳይት መሐንዲስ፣ ደሴ
ይቅርብሽ እህቴ። የእንፋሎት ቴብል (የእንፋሎት ሙቀትና ግፊት ሠንጠረዥ) ሳይት ላይ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሙቀትን ግን እወቂ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሙቀት ያመነጫል። ወፍራም የኮንክሪት ፋውንዴሽን (መሠረት) ስትሞዪ መሃሉ ይግላል፣ ላዩን ደግሞ የደሴ የሌሊት ብርድ ያገኘዋል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ከ20 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ ስንጥቅ ይመጣል። ለዚህ ነው ፎርምወርኩን (ኮንክሪቱ የሚሞላበትን ቅርጽ) ቶሎ የማንፈታው፣ ላዩንም በጆንያ የምንሸፍነው። ፎርማኑ ይህን ያለ ኮርስ ያውቀዋል፣ ለምን እንደሆነ ግን አንቺ ማስረዳት አለብሽ።

መካኒካል ሦስተኛ ዓመት
እኔ አልስማማም። ሃይድሮሊክስ ላይ «ሄድ ሎስ» (ውሃው ሲፈስ በሰበቃ የሚያጣው) ብላችሁ የምትቀንሱት ኢነርጂ የት የሚሄድ ይመስልሻል? ሙቀት ሆኖ ነው የሚቀረው። ቀመሩን ከመሸምደድ ይህን ማወቅ ይሻላል። ደግሞ ለሳቁብሽ ንገሪያቸው፣ አፈር ሜካኒክስ ላይ የግድግዳ ግፊት የምታሰሉበት ራንኪንና የእኛው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ሳይክል (ዑደት) ራንኪን አንድ ሰው ናቸው።

ጡረታ የወጣሁ መምህር፣ ደሴ
ልጄ፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የአሜሪካው ኤፍ ኢ (የጀማሪ መሐንዲሶች የፈቃድ) ፈተና ላይ ድሮ ሲቪሉም ቴርሞዳይናሚክስ ይፈተን ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ግን ከሲቪሉ ወጥቷል። ኮምቦልቻ ቀትር ላይ ቆርቆሮው ቋ ቋ ሲል ሰምተሽ የለ? ፀሐይ ሲመታው እየተለጠጠ ነው። 50 ሜትር የብረት ድልድይም በ30 ዲግሪ ሲሞቅ 18 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ክፍተት ካልተውሽለት ጫፉ ላይ ያለውን ይገፋል። ይህን ለማስላት ማባዛት ይበቃል፣ ሙሉ ኮርስ አይጠይቅም። ክሬዲትሽን ለአፈርና ለውሃ አውዪው። ሙቀትና ሥራ፣ የመጀመሪያው ሕግ (ኢነርጂ መልኩን ይቀይራል እንጂ አይጠፋም የሚለው)፣ እነዚህን ምዕራፎች ብቻ ገብተሽ አዳምጪ፤ ሞተርና ማቀዝቀዣ ሲጀመር ውጪ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ሳይመዘገቡ መግባት ይቻላል እንዴ?

መካኒካል ሦስተኛ ዓመት
መምህሩን አስፈቅጂ፣ እሺ ይላል። ከኋላ ያለው ወንበር እንደሆነ ሁሌም ባዶ ነው።