አስቸኳይ! የሃይፐርቫይዘር ድራይቨሬ ስህተት 25 ይላል፣ ነገ ዴሞ አለኝ

ትንሿ_ከርነል፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። ለራሳችን ትንሽ ሃይፐርቫይዘር (ቨርቹዋል ማሽኖችን፣ ማለትም ቪኤሞችን የሚያስኬድ ሶፍትዌር) ማዘዣ የሚሆን የሊኑክስ ድራይቨር ጽፌያለሁ። ዴቭ ስር ያለውን ፋይል መክፈት ይሳካል። ከዚያ «ቪኤም ፍጠር» የሚለውን አይኦክትል (ፕሮግራም ለድራይቨር የሚልከው ትእዛዝ) ስልክ ወዲያው ስህተት 25 ይመልሳል፤ ለዲቫይሱ የማይሆን አይኦክትል ነው ይላል። የሚገርመው የሙከራ ፕሮግራሜ ያንኑ ትእዛዝ ሲልክ ይሠራል። እምቢ ያለው መቆጣጠሪያ ፓነሉ ብቻ ነው። ሁለቱም አንድ ሄደር (የትእዛዞቹ ፍቺ ያለበት ፋይል) ነው የሚጠቀሙት። ላብድ ነው።

አራዳው_ሩት፦ ወንድሜ በሱዶ ሞክረሃል? የፋይሉን ፐርሚሽን 666 (ሁሉም ያንብብ፣ ሁሉም ይጻፍ) አድርገውና ተገላገል።

ትንሿ_ከርነል፦ እህትህ ነኝ። በሩት ነው የማስኬደው። ፐርሚሽን ቢሆን መክፈቱ ላይ ስህተት 13 (ፈቃድ የለም) ይለኝ ነበር።

ቡና_ሱሰኛ፦ ሪስታርት አድርጊው። አልሠራም? ቡና ጠጪና ድገሚው።

ጋሽ_ሲ፦ ልጄ፣ ስህተቱን ለጊዜው ተዪውና ንድፉን እንይ። ፓነልሽ ቪኤም ሲፈጥር ድራይቨሩ የሚመልስለት ምንድን ነው? ተራ ቁጥር ከሆነ ጉድ ፈላ። ፓነሉ መሀል ላይ ቢሞት ያንን ቪኤም ማን ያፈርሰዋል? ኬቪኤምን (የሊኑክስን የራሱን ሃይፐርቫይዘር) እዪው፣ በ2007 ከሊኑክስ 2.6.20 ጋር የገባውን። ዋናውን ፋይል ከፍተሽ ቪኤም ፍጠር ስትዪው አዲስ ፋይል ዲስክሪፕተር (የተከፈተ ፋይል መያዣ) ይሰጥሻል። በሱ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቪሲፒዩ (የቪኤሙ ሲፒዩ) ሌላ ዲስክሪፕተር ትጠይቂያለሽ። ፕሮግራሙ ሲሞት ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ራሱ ሁሉንም ይዘጋል፤ የመጨረሻው ሲዘጋ ቪኤሙም አብሮ ይፈርሳል። አንቺ የምትጽፊው የማጽጃ ኮድ ፋይሉ ሲዘጋ የሚጠራው ሪሊስ ፋንክሽን ውስጥ ብቻ ይሆናል። ቨርዥኑንም ጠይቂው፣ 12 ይልሻል። አዲስ ችሎታ ሲጨመር ቁጥሩ አይነካም፤ «ይህን ትችላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ራሱን የቻለ አይኦክትል አለ። ንድፍ ማለት ይሄ ነው። የዛሬ ልጆች መጀመሪያ ትጽፋላችሁ፣ ከዚያ ታስባላችሁ።

ትንሿ_ከርነል፦ ጋሼ እውነትዎን ነው፣ ተራ ቁጥር ነው የምመልሰው። ግን ለነገ አይደርስልኝም።

ለምን_ባይ፦ እኔ ያልገባኝ፣ ኬቪኤም እያለ የራስሽን መጻፍ ለምን አስፈለገ? ጊዜ ማቃጠል ነው።

ትንሿ_ከርነል፦ ኬቪኤም ሊኑክስን ራሱን ሃይፐርቫይዘር ያደርገዋል። የኛ ከሊኑክስ ሥር የሚቀመጥ ነው፣ እንደ ጄይልሃውስ። ኮሮችን ቆርሶ ይሰጣል፣ አያጋራም። ሊኑክስ ላይ ያለው ድራይቨር መልእክተኛ ብቻ ነው።

ለምን_ባይ፦ እሺ፣ ግን አሁንም ጊዜ ማቃጠል ነው።

ቢት_ቆጣሪ፦ የድራይቨርሽ አይኦክትል ፋንክሽን የመጀመሪያ መስመር ላይ ፕሪንትኬ (ከከርነል መልእክት መጻፊያ) አስገቢ። ፓነሉ ሲልክ ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ላይ ምን ይወጣል?

ትንሿ_ከርነል፦ ምንም! ከሙከራው ሲላክ ይወጣል፣ ከፓነሉ ሲላክ ድራይቨሩ ጋ ጭራሽ አይደርስም።

ቢት_ቆጣሪ፦ ፓነሉ ስንት ቢት ነው?

ትንሿ_ከርነል፦ 32። የስክሪኑ ላይብረሪ በ64 ስለማይገኝ ድሮም እንደዚያ ነው ኮምፓይል የምናደርገው። ምን አገናኘው?

አራዳው_ሩት፦ 666 አድርጊው አልኩ እኮ።

ቡና_ሱሰኛ፦ አራዳው፣ 666 እንዲህ ሲደጋገም ስምንተኛው ሺህ ገብቷል ማለት ነው።

ቢት_ቆጣሪ፦ ነገሩ ያ ነው። 64 ቢት ከርነል ላይ 32 ቢት ፕሮግራም አይኦክትል ሲልክ በሌላ በር ነው የሚገባው። የፋይል ኦፕሬሽን ሠንጠረዥሽ ላይ ኮምፓት_አይኦክትል የሚል ቦታ አለ። ባዶ ከተውሽው ከርነሉ አንቺ ጋ ሳያደርስ ራሱ 25 ብሎ ይመልሳል። ከ5.5 ጀምሮ ኮምፓት_ፒቲአር_አይኦክትል የሚባል የተዘጋጀ ፋንክሽን አለ፣ እሱን አስገቢ።

ግን በዚህ ብቻ አትድኚም። ከትእዛዙ ጋር የምትልኪው ስትራክት (የዳታ ጥቅል) ምን ይመስላል?

ትንሿ_ከርነል፦ አንድ ኢንት የሲፒዩ ቁጥር፣ ቀጥሎ የኮንፊግ ቡፈሩ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻው)።

ቢት_ቆጣሪ፦ እንደፈራሁት። በ64 ቢት 4 ባይት ኢንት፣ 4 ባይት ፓዲንግ (ባዶ መሙያ)፣ 8 ባይት ፖይንተር፤ 16 ይሆናል። በ32 ቢት 4 እና 4፤ 8 ብቻ። የአይኦክትሉን ቁጥር የሚሠራው ማክሮ ደግሞ የስትራክቱን መጠን ቁጥሩ ውስጥ ይከታል። ሄደሩ አንድ ቢሆንም የሚወጣው ትእዛዝ ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው። በሩን ብትከፍቺለትም ስዊችሽ (ትእዛዙን የሚለየው ኮድ) አያውቀውም፣ ዲፎልት ላይ ወድቆ ያንኑ 25 ትመልሺለታለሽ። ስትራክቱን ዩ32 ሲፒዩ፣ ዩ32 ፓድ፣ ዩ64 አድራሻ አድርጊው። ያኔ በሁለቱም 16 ነው። የኬቪኤም የሜሞሪ ስትራክትም ፖይንተር የለውም፤ የተጠቃሚውን አድራሻ በዩ64 ነው የሚቀበለው።

ጋሽ_ሲ፦ ትክክል ነው። ፓዱ ዜሮ ካልሆነ ግን ስህተት 22 (የማይሆን ግቤት) ይመልስ። ዛሬ ዝም ብለሽ ካሳለፍሽው ነገ ፍላግ ልታደርጊው ስትፈልጊ የድሮ ፕሮግራሞች ቆሻሻ ይዘው ይመጡብሻል።

ለምን_ባይ፦ ሙከራው ይሠራል አይደል? ዴሞውን በሱ አሳዪና ግቢ።

ትንሿ_ከርነል፦ ሁለቱንም ቀየርኩ። ስህተቱ ተቀየረ!!! አሁን 14 (መጥፎ አድራሻ) ሆነ። ዲሜሴጅ ላይም ድራይቨሩ ጋ ደርሷል። ቡፈሩን ኮፒ ፍሮም ዩዘር ሲያደርግ (ከፕሮግራሙ ሜሞሪ ሲቀዳ) ነው የሚወድቀው። በሙከራው ግን ይሠራል፣ አሁንም!

ቡና_ሱሰኛ፦ ከ25 ወደ 14 ወርዷል። በዚህ አያያዝ ሳይነጋ ዜሮ ይገባል።

ቢት_ቆጣሪ፦ ፓነሉ ውስጥ ፖይንተሩን በቀጥታ ወደ ዩ64 ካስት አድርገሻል (ዓይነቱን ቀይረሻል) አይደል? ጂሲሲ (ኮምፓይለሩ) 32 ቢት ፖይንተርን ወደ 64 ሲዘረጋ ሳይን ኤክስቴንድ ያደርገዋል፣ ማለትም የላይኛውን ቢት እየደገመ ይሞላዋል። ቡፈርሽ ስታክ ላይ ከሆነ አድራሻው ከ2 ጊጋባይት በላይ ነው፣ በኤፍኤፍ ይጀምራል። ሲዘረጋ ላይኛው 32 ቢት በሙሉ 1 ይሞላና የከርነል አድራሻ ይመስላል፤ ከርነሉም አይነካውም። መጀመሪያ ወደ ዩኢንትፒቲአር_ቲ ካስት አድርጊ፣ ከዚያ ወደ ዩ64። የድራይቨሩን ኮድ አትንኪው።

አራዳው_ሩት፦ ሠራ እንዴ?

ቡና_ሱሰኛ፦ ዴሞ ላይ ትሆናለች፣ ተዋት።

አዲስ_ገቢ፦ ይቅርታ፣ እዚሁ ልጠይቅ። ከርነሌን ወደ 6.12 ካሳደግኩ ወዲህ ቨርቹዋልቦክስ (ሌላ የቪኤም ማስኬጃ ፕሮግራም) ቪኤም ሲያስነሳ ቪኤምኤክስ ሩት ሞድ ምናምን ብሎ ይወድቃል። ድራይቨሩ ተበላሽቶ ነው?

ቢት_ቆጣሪ፦ አልተበላሸም። ከ6.12 ጀምሮ ኬቪኤም ሞጁሉ ሲጫን ወዲያው የሲፒዩውን ቨርቹዋላይዜሽን ይይዛል፤ ድሮ የመጀመሪያው ቪኤም ሲፈጠር ነበር የሚይዘው። ኬቪኤም_ኢንቴል የሚለውን ሞጁል ከከርነሉ አስወጣውና ሞክር። ሌላ ጥያቄ ካለህ ለብቻው ክፈት፣ እዚህ ይጠፋብናል።