4ኬ ሞተር ላይ ዌበር ካርብሬተር፦ ማኒፎልዱም ይቀየር ወይስ ይቅር?

ቀዩ ኮሮላ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቶዮታ ኮሮላ አለኝ፣ ሞተሩ 4ኬ፣ 1290 ሲሲ። ከታደሰ ብዙ አልቆየም፤ ዘይት አይበላም፣ አያጨስም። ያስቸገረኝ ካርብሬተሩ ነው። የአየር በሩን የሚያዞረው ዘንግ ማረፊያው ተበልቶ በጣት ሲነካ ይወዛወዛል። ሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እምቢ ብሎኛል፤ አንዴ 600፣ አንዴ 1200 ዙር በደቂቃ ይላል። ከቆመበት ሲነሳ ይደናቀፋል፣ ዳገት ላይ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ አቅም ያጣል።

ያሰብኩት ዌበር 32/36 የሚባለውን፣ 32 እና 36 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት የአየር በሮች ያሉትን ካርብሬተር ለመግጠም ነው። አንድ መካኒክ "በአዳፕተር (በማገናኛ ሳህን) አሁን ባለው ማኒፎልድ (ከካርብሬተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ በሚወስደው ቱቦ) ላይ እናስቀምጠዋለን" አለኝ። ሌላው ግን "ከተነካ አይቀር ማኒፎልዱም ይቀየር፤ በጎን የሚተኙ ሁለት ባለ 40 ካርብሬተሮች ከነማኒፎልዳቸው ግጠም፣ ጉልበቱን ያኔ ታያለህ" ይላል። መኪናዋ የዕለት ሥራዬ ናት፣ ልጆችም አመላልስባታለሁ። ካምሻፍቱም (ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) የጭስ ማውጫውም የፋብሪካው ናቸው። የትኛው ያዋጣኛል? ሲገጠምስ ምን ላይ ልጠንቀቅ?

ባለ መፍቻው

ወንድሜ፣ ገና ምንም አትግዛ። የዘንጉ መበላት ትክክለኛ ችግር ነው፤ በዚያ ክፍተት ያልተመጠነ አየር ይገባል። ነገር ግን የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ቢያስተነፍስም፣ የፍሬን ሰርቮው (ፍሬን የሚያቀልለው) ቱቦ ቢሰነጠቅም ምልክቱ ያው ነው። የሚያስተነፍስ ማኒፎልድ ላይ አዲስ ካርብሬተር ብታስቀምጥ ገንዘብህን አወጣህ እንጂ ሚኒሞህ አይረጋም።

መጀመሪያ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሮቹን የውስጥ ግፊት) አስለካ። የአራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ መሆን አለበት፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ካነሰ ምክንያቱን ፈልግ። ቀጥሎ የቫልቮላውን ክፍተት አስተካክል፦ ሞተሩ እንደሞቀ ማስገቢያው 0.20፣ ማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር። ከዚያ ወደ ዲስትሪቡተሩ (የእሳት አከፋፋዩ) የምትሄደዋን የቫኩም ቱቦ ከካርብሬተሩ በኩል ነቅለህ በአፍህ ሳብ። ውስጥ ያለው ሳህን ሲንቀሳቀስ ማየት አለብህ፤ ጫፏን በምላስህ ስትደፍናትም ሳህኑ ባለበት መቆየት አለበት። ከተመለሰ ላስቲኩ ተቀድዷል ማለት ነው።

የሚያስተነፍሰውን ቦታ ለማግኘት ብዙ ሰው የካርብሬተር ማጽጃ ይነፋል። እዚህ ሞተር ላይ እንዳትሞክረው! በ4ኬ ላይ የማስገቢያውና የጭስ ማውጫው ማኒፎልድ በአንድ ጎን ነው ያሉት፤ የነፋኸው ሁሉ የሚወርደው በጋለው ብረት ላይ ነው፣ እሳት ይነሳል። ይልቅ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ አስነሳና መጋጠሚያው ላይ በመርጫ ትንሽ ውሃ አድርግ። የሞተሩ ድምፅ ለአፍታ ከተለወጠ ቦታውን አገኘኸው። ሞተሩ ከጋለ በኋላ ግን ውሃውን ተወው፤ የጋለ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ያኔ የቀጭን ቱቦ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን መጋጠሚያው ዙሪያ እያዞርክ ፉጨቱን አዳምጥ።

መሐንዲሷ

ስለ መጠን እኔ ልናገር። ባለ አራት ምት ሞተር ሙሉ ይዘቱን የሚስበው በሁለት ዙር አንዴ ነው። ስለዚህ 1.29 ሊትር ሞተር በ5000 ዙር ቢበዛ 1.29 × 2500፣ ማለትም 3225 ሊትር አየር በደቂቃ ይስባል። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ስለማይሞሉ 80 ከመቶ ብንይዝ 2600 ሊትር ገደማ ነው። ዌበር 32/36 ደግሞ ፎርድ ባለ 2 ሊትሩ ፒንቶ ሞተሩ ላይ ከፋብሪካ ይገጥመው የነበረ ካርብሬተር ነው። ለአንተ ሞተር ሲበዛ እንጂ አያንስም።

በዕለት መንዳት ላይ የሚሠራልህ ምክንያት ሁለቱ በሮች አንድ ላይ አለመከፈታቸው ነው። ፔዳሉን ቀስ ስትል የሚሠራው 32ቱ ብቻ ነው፤ በውስጡ ያለው ቬንቹሪ (የጠበበው ጉሮሮ) 26 ሚሊሜትር ስለሆነ አየሩ በፍጥነት ያልፋል፣ ቤንዚኑንም ጥሩ አድርጎ ይበትነዋል። 36ቱ የሚጨመረው ፔዳሉን ጠለቅ አድርገህ ስትረግጥ ነው። በአንጻሩ ሰፊ ቱቦ በዝቅተኛ ዙር አየሩን ያዘገየዋል፤ የዘገየ አየር የቤንዚን ጠብታ መሸከም አቅቶት ግድግዳ ላይ ይጥለዋል። ከቆመበት ሲነሳ መደናቀፉን አሁን ካለውም ታባብሰዋለህ።

የፋብሪካው ካምሻፍት ባለበት ማኒፎልድ ማስፋት ገንዘብ ማባከን ነው። የቫልቮላው መከፈቻ ጊዜ ካልረዘመ ከላይ ያለው ዙር አይመጣም።

የቫልቮላ ልጅ

በዚህ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሁለት ባለ 40 በጎን የሚተኙ ካርብሬተሮች እኔ አሉኝ። "40" የውጪው በር ስፋት ነው፤ ቬንቹሪውን ግን ለሞተሩ ልክ ወደ 28 ወይም 30 መቀየር ይቻላል። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ በር ሲኖረው የፔዳሉ ምላሽ ሌላ ነው፣ የቀመሰ ያውቀዋል። እውነት ለመናገር ግን የእኔ ካምሻፍቱም የጭስ ማውጫውም ተቀይሯል፣ አራቱን በሮች እኩል ለማድረግም የአየር መለኪያ ይዤ ደጋግሜ እመለስበታለሁ። የፍሬን ሰርቮው ቫኩምም ተቆራርጦ ስለሚመጣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭና ከእያንዳንዱ ቱቦ የሚሰበስብ መስመር ያስፈልገዋል። ልጆች ለሚያመላልስ ሰው እኔም ዌበር 32/36ን ነው የምመክረው።

ጋሽ ካርብሬተር

ልጄ፣ ማኒፎልድህን አትጣለው። አውልቀህ አዘጋጀው። ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ጓርኒሲዮኑን ከፋፍቀህ ካነሳህ በኋላ በፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አጋድምና ስፔሶሜትር (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) አስገባበት። 0.2 ሚሊሜትር ከገባ ላፒዳ ቤት ወስደህ አስልገው። እዚህ ሞተር ላይ ማስገቢያውና ማውጫው አንድ ጓርኒሲዮን ስለሚጋሩ የሁለቱም ፊት አንድ ልክ መሆን አለበት፤ አንዱ ብቻ ከተላገ ሌላው ይበልጥና ያስተነፍሳል። ሁለቱን እርስ በርስ የሚያያይዙትን ብሎኖች ለጊዜው ላላ አድርገህ ተዋቸው። መጀመሪያ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ከመሃል ወደ ዳር እየተፈራረቅህ አጥብቅ፣ የመያያዣዎቹን በመጨረሻ። ተገላቢጦሽ ከሄድክ ብረቱ ተወጥሮ ይቀመጥና ሲሞቅ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ እንደገና አጥብቃቸው።

ቀዳዳዎቹን ማገጣጠም ትርፍ አለው። አዲሱን ጓርኒሲዮን ማኒፎልዱ ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በሹል ነገር ምልክት አድርግና የወጣውን ጠርዝ ብቻ ላጠው። የማኒፎልዱ ቀዳዳ ከቴስታታው ቀዳዳ ትንሽ ቢጠብ ግድ የለም፤ ቢሰፋ ግን አየሩ ከቴስታታው ጠርዝ ጋር ይጋጫል፣ ስለዚህ እንዳታበዛው። ውስጡን እንደ መስታወት አታብራ። ትንሽ ሻካራ የሆነ ግድግዳ የወረደውን ቤንዚን መልሶ ያስነሳል።

አዳፕተሩ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሳህን ነው። የታችኛው ማኒፎልዱ ላይ፣ የላይኛው ደግሞ ታችኛው ላይ ይታሰራል፤ ካርብሬተሩ ከላይ ይቀመጣል። የታችኛውን ሳህን ብሎኖች ካርብሬተሩ ከተቀመጠ በኋላ አታያቸውም፣ ቁልፍም አይደርስባቸው። ከላሉ አየር ያስገባሉ፤ ከወጡ ደግሞ የሚሄዱት ወደ ሲሊንደር ነው። ስለዚህ ጥርሱ ላይ ብሎን የሚይዝ ሙጫ አድርግ። ሳህኖቹ መካከል ቀጭን ጓርኒሲዮን ይግባ፤ ሲሊኮን አትጠቀም፣ ቤንዚን ያሟሟዋል። ከዚያ በላይኛው ቀዳዳ ጣትህን ከትተህ ዙሪያውን ዳስ። ጣትህን የሚይዘው ጠርዝ አየሩንም ይይዘዋል፣ በፋይል አስተካክለው።

ካርብሬተሩ የሚቀመጠው ከጭስ ማውጫው በላይ ስለሆነ የፋብሪካውን የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ መልሰህ ግጠም። ብዙ ሰው አይገጥምም ብሎ ይጥለዋል፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ አልነሳም ይለዋል፣ ቤንዚኑ ፍሎት ቤቱ (የካርብሬተሩ ቤንዚን ማጠራቀሚያ) ውስጥ እየፈላ። ከአዳፕተሩ ሥር ሙቀት የማያስተላልፍ የባክላይት ሳህን ቢጨመርም ጥሩ ነው፣ ኮፈኑ የሚዘጋ ከሆነ።

ቀዩ ኮሮላ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኮምፕሬሽኑ ተለካ፣ አራቱም በግማሽ ባር ልዩነት ውስጥ ናቸው። የቫኩም ላስቲኩ ይዟል። በውሃው ሲፈተሽ ግን አራተኛው ሲሊንደር ጋ ድምፁ ተለወጠ፤ ሲወልቅ ጓርኒሲዮኑ እዚያ ጋ በጥቀርሻ ጠቁሯል። ማኒፎልዱ ተልጎ መጥቷል፣ ካርብሬተሩም በአዳፕተር ሊቀመጥ ነው። የቀረኝ ማስተካከያው ነው። ጄቶቹ (ቤንዚን የሚመጥኑት ቀዳዳዎች) እንደመጡ ይሁኑ? የቤንዚን ፓምፑስ የድሮው ይበቃዋል?

ሚኒሞ

ፓምፑ ይበቃል፣ ግን ግፊቱን ለካ። ዌበር የሚፈልገው ከ0.17 እስከ 0.24 ባር ነው። ከዚያ ካለፈ የፍሎቱ መርፌ አይዘጋም፣ ቤንዚን ይሞላል፣ ካንዴላም (እሳት የሚረጨው) ይጠቁራል፤ ግፊት መቀነሻ አስገባ። ፓምፕህ ወደ ታንከር የሚመልስ መስመር ካለው አትድፈነው።

ሚኒሞውን እንዲህ ያዘው። የፍጥነቱን ብሎን ክንዱን እስኪለቅ ድረስ ፍታ፣ ከዚያ ክንዱን ልክ እስኪነካ መልስና አንድ ዙር ጨምር። የቅልቅሉን ብሎን ደግሞ በቀስታ እስኪያርፍ ዝጋና ሁለት ዙር ክፈት። አስነሳ፣ ሙሉ በሙሉ ይሙቅ፣ ቾኩ (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አየር የሚቀንሰው በር) መከፈቱን እይ። አሁን ቅልቅሉን ሞተሩ መንቀጥቀጥ እስኪጀምር ቀስ እያልክ ዝጋ፣ ከዚያ እስኪለሰልስ ክፈት። የት ላይ እንደለሰለሰ ልብ በል። ከሁለት ዙር በላይ መክፈት ከፈለገ የሚኒሞ ጄቱ አንሷል፤ ከአንድ ዙር በታች ከለሰለሰ በዝቷል። የፍጥነቱ ብሎን ከአንድ ተኩል ዙር በላይ መግባት ከፈለገም ጄቱ አንሷል ወይም የሆነ ቦታ አየር ይገባል፤ በብሎኑ አታካክሰው። በሩ ብዙ ከተከፈተ ከሚኒሞ ወደ ዋናው ጄት የመሸጋገሪያዎቹ ቀዳዳዎች አስቀድመው ይጋለጣሉ፣ ሲነሳ መደናቀፉም ይመለሳል።

ስለ ዋናው ጄት፦ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊሜትር ነው፤ 140 ማለት 1.40 ሚሊሜትር። የምትነዳው ከፍታ ቦታ ከሆነ እንደመጣ አትተወው። በ2000 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፣ ካርብሬተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ቅልቅሉ 10 ከመቶ ያህል ይወፍራል። የቀዳዳውን ስፋት 5 ከመቶ ብትቀንሰው ይመጣጠናል፣ ማለትም 140 የነበረው ወደ 132 ወይም 135። ጉልበቱ የባሕር ወለሉን ያህል እንደማይመለስ ግን እወቅ፤ የጎደለው አየሩ ነው።

ካንዴላ ማየት ይረዳል፤ ከተቻለ ግን ጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር የሚቀበል ቀለበት አስበይድና በመለኪያ አረጋግጥ። በሙሉ ፔዳል ለአንድ ኪሎ ቤንዚን 12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር፣ በተረጋጋ ጉዞ ደግሞ 14.5 አካባቢ ይሁን። አንዴ አንድ ጄት ብቻ ቀይር፤ ሁለት አብረህ ከቀየርክ የትኛው እንደሠራ አታውቅም።

መሐንዲሷ

ከመንገድ በፊት አንድ ነገር ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰው ፔዳሉን ሙሉ በሙሉ ይርገጥ፣ አንተ ከላይ ሆነህ ሁለቱም በሮች ቀጥ ብለው መቆማቸውን እይ። ብዙ ጊዜ ገመዱ ስለሚያጥር ሁለተኛው በር ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ሰውም ዌበር ጉልበት የለውም ይላል። ከዚያ ፔዳሉን በአንድ ጊዜ ይልቀቅ። በሮቹ ጥርቅ ብለው መዘጋት አለባቸው፤ ሞተሩ ሲሞቅም ድገመው፣ የአየር ማጣሪያውን ቤት ካሰርክ በኋላም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ቤቱ ክንዱን ሊነካ ይችላል። መመለሻ ስፕሪንጉን ሁለት አድርገው፤ አንዱ ቢበጠስ ሌላው በሩን ይዘጋልሃል።