በክንድ የሚቀበረው የእርግዝና መከላከያና ውርጃ እኩል ኃጢአት ናቸው እንዴ? ካቶሊኮች እስቲ መልሱልኝ

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ካቶሊክ ነኝ ባሌ ኦርቶዶክስ ነው። ሁለተኛዋን በኦፕሬሽን ነው የወለድኳት፣ ዶክተሯ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዳታረግዢ ስላለችኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ በክንድ የሚቀበረውን አስቀበርኩ። ልጄ አሁን 8 ወሯ ነው፣ ስትጠባ ክንዴን እየዳበሰች ያቺን ክብሪት እንጨት የምታክል ነገር ስትነካካት ሆዴ ይረበሻል። ባለፈው ከቅዳሴ በኋላ አንዲት የማከብራቸው እናት "ያው ውርጃ ነው ልጄ፣ ስሙ ነው የተቀየረው" አሉኝ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ሰው ሲቆርብ እኔ ተቀምጬ ነው የማየው። ባሌ አባን ጠይቂያቸው ይለኛል፣ ይሄን ለአባ ከየት ጀምሬ ነው የማወራው?

ካቴኪስት ነኝ፦
እህቴ እናትየዋ ሁለት ነገር ቀላቅለውብሻል። ቤተክርስቲያን ሁለቱንም አትቀበልም፣ እሱ ልክ ነው፣ ግን እኩል አይደሉም። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እኤአ በ1995 ባወጡት "የሕይወት ወንጌል" ቁጥር 13 ላይ ራሳቸው ለይተው አስቀምጠውታል፣ አንዱ የባልና ሚስትን ግንኙነት ሙሉነት ይጎዳል ሌላው የሰው ሕይወት ያጠፋል። በቀኖናም ውርጃ ከቤተክርስቲያን አንድነት የሚለይ ቅጣት አለው፣ ለመከላከያ እንደዛ ያለ ነገር የለም። መድኃኒቱ ለሌላ በሽታ የታዘዘ ከሆነ ደግሞ ሁማኔ ቪቴ የሚባለው የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ መልእክት ቁጥር 15 ላይ ይፈቅዳል። ልጅ ለማራራቅ ግን የተፈቀደው የተፈጥሮው ዘዴ ነው፣ ማለትም እርግዝና ሊፈጠር በሚችልባቸው ቀናት መታቀብ።

ዝም አልልም፦
ታሪኩንም ጨርስላት እንጂ! የእርግዝና መከላከያን ጉዳይ እንዲያጠና በቤተክርስቲያን የተቋቋመው ኮሚሽን ውስጥ እኮ አብዛኞቹ ትምህርቱ ይለወጥ ነው ያሉት፣ ጳውሎስ 6ኛ ግን አልተቀበሉትም እኤአ በ1968 ሁማኔ ቪቴን አወጡ። ፒልሱን ከሠሩት አንዱ ዶክተር ጆን ሮክ ራሱ ካቶሊክ ነበር። ደሞ ቀን ቆጥሮ ማምለጥና ፒልስ ውጦ ማምለጥ፣ ሐሳቡ ያው እርግዝና እንዳይመጣ አይደል?

ካቴኪስት ነኝ፦
ወቅቱ እስኪያልፍ ሳይዘሩ መቆየትና ማሳውን ሲሚንቶ ለስኖ መዝራት አንድ ነው?

ዝም አልልም፦
ወንድሜ መጀመሪያ የሰው ሚስት ማሳ አትበል 😂

ነርስ፦
ክርክራችሁን ቀጥሉ እኔ ለእህቴ ልንገራት። ክንድሽ ላይ ያለው በዋናነት እንቁላል እንዳይለቀቅ ያደርጋል የማህፀን በር ፈሳሹንም ያወፍራል፣ የተፈጠረ እርግዝና አያስወርድም። የተፈጥሮውን እመርጣለሁ ካልሽ ይቻላል ግን በደንብ ተማሪው። ማጥባት ብቻውን የሚያስተማምነው እስከ 6 ወር ነው፣ እሱም ሌላ ምግብ ካልተጀመረና ፔሬድ ካልመጣ፣ ያንቺ አልፏል። ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀን መታቀብ የሚባለው ቆጠራ ደሞ ዑደቷ ከ26 እስከ 32 ቀን ለሆነች ነው፣ የምታጠባ ሴት ዑደት ገና ስለሚዛባ አትመኚው። ቢሊንግስ የሚባለው የተፈጥሮ ዘዴ ደግሞ በየቀኑ የማህፀን በር ፈሳሽን ማየት ነው፣ ባል "ዛሬ አይሆንም" ሲባል ካኮረፈ አይሠራም። በቀዶ ጥገና ወልደሽ ቶሎ ማርገዝ ቀልድ አይደለም፣ ሌላውን በደንብ ሳትይዢ እንዳታስወጪው።
አንድ ነገር ደሞ፣ ውርጃን በአንዳንድ ሁኔታ የፈቀደው የወንጀል ሕግ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በድብቅ አስወርደው ደም እየፈሰሳቸው የሚመጡ ልጆች ነበሩ፣ የሞቱብንም አሉ። ውርጃ የሚያስጠላው ሰው ክንድ ላይ በሚቀበረው መጨቃጨቁ ሁሌ ይገርመኛል።

ካቴኪስት ነኝ፦
ነርስ የመጨረሻው ላይ አልስማማም፣ አንዱን ክፉ ለማስቀረት ሌላውን ማድረግ አይሆንም። ቀን አቆጣጠሩ ላይ ያልሽው ግን እኔም የማላውቀው ነው፣ ተምሬበታለሁ። እህቴ አንቺ ግን ተቀምጠሽ አትቅሪ፣ አባን አናግሪያቸው፣ ከዚህ የባሰ ስንት ሰምተዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ውርጃ አለመሆኑን ማወቄ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። የሲሚንቶዋን ለባሌ አነበብኩለት እስካሁን እየሳቀ ነው፣ ማኩረፍ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ፀጥ አለ። ቅዳሜ አባ ጋ እሄዳለሁ። ነርስ፣ የሚወጣው እዛው ያስቀበርኩበት ጤና ጣቢያ ነው ወይስ ሌላ ቦታም ይሆናል? አላስወጣውም፣ ለማወቅ ያህል ነው።