«አንቺ እረፊ፣ እኛ እናገለግልሻለን» ሲሉኝ ምን ልመልስ?

ጸጋ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ህብለ ሰረሰሬ ተጎድቶ ከወገቤ በታች አልንቀሳቀስም፤ የምሄደው በዊልቸር ነው። ከጉዳቱ በፊት ወጣቶችን መጽሐፍ ቅዱስ አስተምር ነበር። አሁንም ማስተማር እችላለሁ፣ እፈልጋለሁም።

ልመለስ ብዬ መሪዎቻችንን ስጠይቅ «አንቺ እረፊ፣ አሁን ተራው የእኛ ነው፣ እናገለግልሻለን» አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት። እኔ ግን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። መድረክ ላይ የምፈለገው ምስክርነት ስሰጥ ብቻ ነው። ወንዶቹ ከነዊልቸሬ ተሸክመው ያወጡኛል፣ ጉባኤው ያጨበጭባል፣ ከዚያ ያወርዱኛል። ከወጣቶቹ ጋር ቃሉን ከፍቼ ጥያቄያቸውን የምሰማበት ጊዜ ናፈቀኝ። አንድ ወንድም ደግሞ ዘሌዋውያን 21ን ጠቅሶ «ነውር ያለበት ወደ መሠዊያ አይቀርብም» አለኝ።

ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ። የነርቭ ሕመሙ ሲነሳብኝ መቀመጥ እንኳ አልችልም፤ መቼ እንደሚነሳም አላውቅም። «እሁድ አለሁ» ብዬ ብቀርስ? በእንዲህ ያለ አካል የምታገለግሉ እንዴት ነው የምታደርጉት?

«የማለዳ ጸሎት» የሚባል ወንድም መለሰ፦

እህቴ፣ እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ቃሉን አስተምራለሁ፣ ሰዎችንም በስልክ አማክራለሁ።

ከዘሌዋውያን ልጀምር፤ ያ ክፍል ብዙዎቻችንን አቁስሏል። ወንድማችን ቁጥር 22 ድረስ ቢያነብልሽ ጥሩ ነበር። ያ ካህን የአምላኩን እንጀራ፣ ከቅዱሰ ቅዱሳኑም ሳይቀር፣ ይበላል። ክህነቱ አልተነጠቀም። ለእኛ ነውር የሌለበት ሊቀ ካህናት ደግሞ ክርስቶስ ራሱ ነው፤ ዕብራውያን 7ን እዩት። ጳውሎስ በ1 ጢሞቴዎስ 3 ከኤጲስ ቆጶስ የሚጠበቀውን ሲዘረዝር ስለ ጠባይ፣ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ማስተማር ችሎታ ይናገራል። ስለ እግርና ስለ ዓይን ምንም አላለም።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያን የክርስትና ትምህርት ቤት የመራው ዲዲሞስም ዓይነ ስውር ነበር። ብርሃኑን ያጣው ገና ሕፃን ሳለ ነው። ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት የብሬል ጽሑፍ ከመፈጠሩ ከ1,400 ዓመታት በላይ ቀድሞ፣ እንጨት ላይ የተቀረጹ ፊደላትን በጣቱ እየዳሰሰ እንደተማረ ይነገራል። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የተረጎመው ጄሮም ከተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ይህን የማነሳው አንቺም ታላቅ ሰው ሁኚ ብዬ እንዳይመስልሽ። ቤተ ክርስቲያን ከጥንትም እንዲህ ካሉ ሰዎች ተምራለች ለማለት ነው።

ስለ ሕመሙ፦ ብቻሽን ቃል አትግቢ። አብሮሽ የሚያስተምር ሰው ያዢ። ሁለታችሁም ያንኑ ክፍል አጥኑ፣ ማስታወሻሽን ቀደም ብለሽ ላኪለት። ሕመሙ ከተነሳ እሱ ይቀጥላል፤ አንቺም ከቻልሽ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ጥያቄዎችን በድምፅ መልእክት ትመልሻለሽ። እኔ ስልኬ እያነበበልኝ አጠናለሁ፣ ዋና ዋና ነጥቦቹን በብሬል ካርድ ላይ ጽፌ እያስተማርኩ እዳስሳለሁ። ቃሉን ከፍቶ ጮክ ብሎ የሚያነበው ጓደኛዬ ነው። መጀመሪያ ሰው መጠየቅ ከብዶኝ ነበር። አሁን ግን ያ ጓደኛዬ ራሱ አስተማሪ ሆኗል።

አንድ ሽማግሌ መለሱ፦

ልጄ፣ ገላትያ 4፥13ን አንብቢ። ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች መጀመሪያ ወንጌልን የሰበከው በሥጋ ድካም ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። እነሱም አልናቁትም። ይህን ለመሪዎችሽ አንብቢላቸው።

ከዚያ አንድ የተወሰነ ነገር ጠይቂ። «ማገልገል እፈልጋለሁ» ስትያቸው እሺ ብለው ይረሱታል። «የወጣቶቹ ክፍል ወለሉ ላይ በክብ ይቀመጥ፣ እኔም ከእነሱ ጋር» በያቸው። ተሸክመው የሚያወጡሽ ነገር ይቅር፤ አደጋም አለው። መድረክ የግድ ከሆነ መወጣጫ ይሠሩ። በብዙ ቦታ የሚሠራበት ልክ ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። ስለዚህ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ መድረክ 6 ሜትር ይፈልጋል። አጥሮ ከተሠራ ዳገቱ ይበረታና ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። የማይክሮፎኑም መቆሚያ ዝቅ ይበል።

ዜማ መለሰች፦

በሁሉም እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። እንዲያገለግሉሽም ፍቀጂላቸው። ጆኒ ኤሪክሰን ታዳ እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ17 ዓመቷ፣ ወደ ውኃ ስትዘል አንገቷ ተጎድቶ እጅና እግሯ ሽባ ሆነ። ከአልጋ ለመነሳት የሰው እጅ ያስፈልጋታል። በ1979 ደግሞ አካል ጉዳተኞችንና ቤተሰቦቻቸውን የሚያገለግል ድርጅት መሠረተች። መረዳትና ማገልገል አንድ ሕይወት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ሽባ መሆንሽ አንዱን እንድትመርጪ አያስገድድሽም።

ጸጋ፦

ተባረኩ። አባቴ፣ ወለል ላይ በክብ የሚለውን ሐሳብዎን ይዤ ልነግራቸው ነው። አብራኝ የምታስተምር እህትም አስቤያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፦ ምስክርነት ስሰጥ መሃል ላይ ተነስቶ እጅ ሊጭንብኝ የሚመጣ ሰው አለ። ለፈውስ መጸለዩን እወደዋለሁ፤ ግን ሳስተምር እንዲህ ካደረገ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ ወጣቶቹም ዊልቸሩን ብቻ ያያሉ። ምን ልበለው?

የማለዳ ጸሎት፦

እኔንም ያጋጥመኛል። እጁን ያዝ አድርጌ «ስንጨርስ ጸልይልኝ፣ አሁን አብረን እንማር» እለዋለሁ። ስንጨርስ ደግሞ እኔው እጠራውና የምፈልገውን እነግረዋለሁ። አንዳንዴ ስለ ዓይኔ ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን ቃሉ ስላልገባው አንድ ልጅ ነው።