የባረንትስ ባሕር የነዳጅ ፍለጋ ፍሬው ያነሰው በበረዶ ምክንያት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ባሕር የኖርዌይ ክፍል የኤኮፊስክ የነዳጅ ክምችት በ1969 (በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር) ከተገኘ ወዲህ ብዙ የማምረቻ ስፍራዎች ተከፍተዋል። ወደ ዋልታው ቀረብ ያለው የባረንትስ ባሕር ግን ቁፋሮ ከተጀመረበት ከ40 ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ በኖርዌይ በኩል ወደ ምርት የገቡት ስኖህቪት፣ ጎሊያትና ዮሃን ካስትበርግ ብቻ ናቸው። እኔ ምክንያቱ በረዶው ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ወዳጄ ግን «የሌለውን በረዶ አትክሰስ» ብሎ ሳቀብኝ። የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦ ወዳጅዎ አልተሳሳቱም። ከአትላንቲክ የሚዘልቀው ሞቃት ውኃ ደቡባዊውን የባረንትስ ክፍል በክረምትም ሳይቀር ከበረዶ ነጻ ያደርገዋል። ችግሩ ያለው ከባሕሩ ወለል በታች ነው። ነዳጅ እንዲጠራቀም ዘይቱን የሚይዝ ባለ ቀዳዳ አለት፣ በላዩም እንደ ድስት ክዳን የሚያፍን ጥብቅ አለት ያስፈልጋል። በባረንትስ ግን ምድሩ ወደ ላይ በመነሣቱና በኋላም የበረዶ ግግር ላዩን ደጋግሞ በመፋቁ፣ በብዙ ቦታ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ውፍረት ያለው አለት ተጠርጎ ሄዷል። ከላይ የነበረው ጫና ሲቀንስ ጋዙ እየተስፋፋ ዘይቱን ከተጠራቀመበት ገፍቶ አስወጣው፤ ክዳኑም በየቦታው ተሰነጠቀ። ስለዚህ ቆፋሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ዘይት እንደነበረ የሚመሰክር ርዝራዥ እንጂ ዘይቱን አይደለም። ብዙ ተስፋ የተጣለበት የኮርፕፊየል ጉድጓድ በ2017 ተቆፍሮ የተገኘው ለንግድ የማይበቃ ጥቂት ጋዝ ነበር።

መልስ 2፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የተገኘውም ቢሆን መውጫ መንገድ ይፈልጋል። ስኖህቪት የተገኘው በ1984 ሲሆን ጋዙ መመረት የጀመረው በ2007 ነው። ወደ አውሮፓ የሚወስዱት የጋዝ ቧንቧዎች እስከ ባረንትስ ስለማይደርሱ፣ ጋዙ 143 ኪሎ ሜትር በሚረዝም ቧንቧ በሃመርፌስት አጠገብ ወዳለችው የሜልኮያ ደሴት ይመጣና ከዜሮ በታች ወደ 160 ዲግሪ ገደማ ቀዝቅዞ፣ ፈሳሽ ሆኖ በመርከብ ይጫናል። በመስከረም 2020 በፋብሪካው እሳት ሲነሣ ሥራው እስከ 2022 አጋማሽ ተቋርጦ ነበር፤ ሌላ መውጫ አልነበረምና። ዘይት ግን በመርከብ ለመጫን ቀላል ነው፤ የካስትበርግ ዘይት ከመጋቢት 2025 ጀምሮ በባሕሩ ላይ ባለች ተንሳፋፊ ማምረቻ መርከብ ይመረታል። በዚያ ባሕር ዘይት ፈልጎ ጋዝ ያገኘ ኩባንያ ደስታው ግማሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጠያቂው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ይህን ሁሉ ደረቅ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ገንዘብ ከየት ይመጣል?

መልስ 1፦ አብዛኛው ከኖርዌይ መንግሥት ነው። በነዳጅ ትርፍ ላይ የሚጣለው ጠቅላላ ግብር 78 በመቶ ሲሆን፣ የፍለጋ ወጪም ግብሩ ከሚሰላበት ትርፍ ላይ ይቀነሳል። በ2005 የወጣው ሕግ ደግሞ ገና ትርፍ የሌላቸው ኩባንያዎች የወጪውን የግብር ድርሻ በሚቀጥለው ዓመት በጥሬ ገንዘብ እንዲያስመልሱ ፈቀደ፤ በዚህም አነስተኛ ኩባንያዎች ወደ ሥራው ገቡ። እንደ እኔ ግምት ያለዚህ ሕግ በባረንትስ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ቁጥር ያንስ ነበር። ዘይት ሲገኝ ግን ከትርፉ ያው 78 በመቶ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል።