ክርክር፦ ዴሬክ ዋልኮት የደሴቲቱ ገጣሚ ነው ወይስ የእንግሊዝኛ?

ጥያቄ አቅራቢ፦ ዴሬክ ዋልኮት እ.ኤ.አ. በ1992 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ያገኘ የሴንት ሉሲያ ተወላጅ ነው። አገሩ 616 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የምትሰፋ የካሪቢያን ደሴት ስትሆን፣ ባላገሩ ሲነጋገርበት የኖረው ቋንቋ ከፈረንሳይኛ የተወለደው ክዌዮል ነው። ዋልኮት ግን የጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ የደሴቲቱ ገጣሚ ልንለው ይገባልን?

ተቃዋሚ፦ አይገባም ባይ ነኝ። ደሴቲቱ በፈረንሳይና በእንግሊዝ መካከል 14 ጊዜ ያህል ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ቆይታ በ1814 ለእንግሊዝ ከጸናች በኋላ፣ እንግሊዝኛ የትምህርት ቤትና የመንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ ክዌዮል ደግሞ ተማሪ የሚያፍርበት የጓዳ ቋንቋ ሆኖ ቀረ። ዋልኮት ያደገው በብዙኃኑ ካቶሊክ መካከል በሜቶዲስት ቤተሰብ፣ ያውም በመምህርት እናት እጅ ነው። ከ1981 ጀምሮ ደግሞ ለብዙ ዓመታት በቦስተን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። ስለ ዓሣ አጥማጆች ጻፈ እንጂ ለዓሣ አጥማጆች አልጻፈም።

ደጋፊ፦ የዘረዘሩት ታሪክ እውነት ነው፤ መደምደሚያዎ ግን ከታሪኩ አይከተልም። እንግሊዝኛ ለዋልኮት የእናቱ ቤት ቋንቋ ነበር፤ በ18 ዓመቱ የመጀመሪያውን የግጥም መጽሐፉን ያሳተመውም እናቱ እንደምንም ባገኘችለት 200 ዶላር ነው። ያልሆነውን ሆኖ ይጻፍ ማለት ማስመሰልን መጠየቅ ነው። በ1990 የታተመውን «ኦሜሮስ» የተባለ ረጅም ግጥሙን ገና ከመግቢያው ይመልከቱት፦ ፊሎክቴት የተባለው ዓሣ አጥማጅ ታንኳ የሚሆኑትን ዛፎች እንዴት እንደቆረጡ ፎቶ ለሚያነሡት ቱሪስቶች ይተርካል፤ ጥቂት ሳንቲም ሲጨምሩለት አንዱን የሱሪውን እግር ሰብስቦ የዛገ መልሕቅ የተወበትን ጠባሳ ያሳያቸዋል፤ በምን እንደዳነ ሲሆን ግን፣ ከዶላር የሚበልጥ ነገር አለ ብሎ አፉን ይዘጋል። ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው፤ የአነጋገሩ ሰዋስው ግን ከትምህርት ቤት የተገኘ አይደለም፣ የባሕር ዳርቻው ሰው ነው። በየመካከሉም ክዌዮሉ ሳይተረጎም ብቅ ይላል። ይህን አሰካክ ከውጭ ሆኖ የሚሰማ ሰው ሊጽፈው አይችልም፤ እኔን ያሳመነኝም ከሽልማቱ ይልቅ ይኸው ነው።

ተቃዋሚ፦ ጆሮው የደሴቲቱ ልጅ ጆሮ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን ባለታሪኩ ሊያነብበው የማይችለው መጽሐፍ የእርሱ ነው ሲባል ይከብደኛል።

ደጋፊ፦ ስለዚህ ነው ቴአትሩን መርሳት የሌለብን። በ1958 የጻፈው ተውኔት ከሴንት ሉሲያ ተረት የተቀዳ ነው፦ የሦስቱ ወንድማማቾች ታናሽ፣ የነጭ እርሻ ባለቤት መስሎ የመጣውን ሰይጣን ይረታል። በ1959 ደግሞ በትሪኒዳድ የቴአትር ቡድን አቋቁሟል። መድረክ ማንበብን አይጠይቅም።

ሦስተኛ ተሳታፊ፦ ፍርዱን ለአገሩ ሰዎች ብንተውስ? ዋና ከተማቸው ካስትሪስ ውስጥ በኮሎምበስ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይ በ1993 በዋልኮት ስም ተሰይሟል፤ በ2017 ሲሞትም የተቀበረው እዚያው ደሴት ላይ ነው።

ተቃዋሚ፦ አደባባይ የሚሰይመው መንግሥት ስለሆነ እርሱን ማስረጃ አድርጌ አልቀበለውም። ተረቱን ወደ መድረክ መመለሱን ግን እቀበላለሁ፤ ስለዚህ «ለዓሣ አጥማጆች አልጻፈም» ያልኩትን ለግጥም መጻሕፍቱ ብቻ እንዲሆን አጥብቤዋለሁ።